ላልቶ ሲነበብ፣ ጠብቆ ሲነበብ

ከሐይቁ ዳር፣ የካቲት 4

ጩጬ፣

ተጠያቂው አንተ ነህ። አባታችንም ነበረበት፣ እናታችንም አንገቷን ነቅንቃ ነበር፤ ለእነሱ ግን ፖስታ አይደርስም። አድራሻ ያለህ አንተ ብቻ ስለቀረህ ሁሉንም በአንተ ስም አድርጌዋለሁ። ተቀበል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሳሉ ለቀቀህ? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅከኝ፣ ደረጃ ስወርድ ይንቋቋል እንጂ አያመኝም። ስለ ምግቡ ለጠየቅከኝ፣ ዓሣ ነው፤ ነገም ዓሣ ነው። ስለ መጽሐፍህ ለጠየቅከኝ፣ ገና አልደረስኩበትም። አትቆጣ። ተራውን ይጠብቅ፤ ተራ መጠበቅ ማንንም አልገደለም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ልጄ «እማዬ፣ በሕይወትሽ አንድ ጊዜ እንኳ ዕረፍት ውጪ» ብላ እዚህ አምጥታ ጣለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ዕረፍትን በየት ታውቀዋለች? በመጀመሪያው ቀን አልጋዬን ራሴ አነጠፍኩ። በማግስቱ የጎረቤቴን ላነጥፍ ስገባ የማረፊያው ባለቤት እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። «እትዬ፣ እዚህ እኮ እንግዳ ነዎት!» አለችኝ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው እየጮኸች። ቁልፎቿን ወገቧ ላይ አስራ ስትንሿሿ ስለምትውል ወይዘሮ ቁልፍ ብያታለሁ። ሌላው እንግዳ ጡረታ የወጣ የጀልባ ካፒቴን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰገነቱ ላይ ተኝቶ ውሃውን በአንድ ዓይኑ ይጠብቃል።

ሥራ ስለከለከሉኝ ማንበብ ጀመርኩ። ምግብ ቤቱ ጥግ አንድ ቁም ሣጥን አለ፤ እንግዳ ረስቶት የሄደውን መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ይከቱታል። እርጥበቱ አሳብጧቸው እንደ ዳቦ ኩፍ ብለዋል። ዕረፍት የወጣ ሰው ሌላ አያነብም መሰለኝ፣ ግማሹ ልብ ወለድ ነው፣ ግማሹ ግለ ታሪክ።

በልብ ወለድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ የምትወደውን ሰው ትጠብቃለች። ምዕራፍ አንድ ላይ ትጠብቃለች፣ ምዕራፍ አሥር ላይም እዚያው ናት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም?» ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር ካፒቴኑ ከእንቅልፉ ባነነ። መጨረሻው ላይ ሰውዬው ሲመጣ ግን አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ። ሁለተኛው ውርስ ስለሚካሰሱ ሀብታሞች ነው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች ነጭ ይለብሳሉ፤ መጽሐፉ አለቀ እንጂ አንድም ሰው ልብስ ሲያጥብ አላየሁም።

አንድ ነገር ላስቅህ። ሐይቁ ዳር ሰሌዳ ተተክሏል፤ «ዋና ክልክል ነው» ይላል። እኔ «ና»ን አጥብቄ አነበብኩት። ዋናው ነገር ምን ይሆን? ማንስ ከለከለው? እያልኩ ሰሌዳውን ስዞረው ሰነበትኩ። ካፒቴኑ ሰማኝና በሳቅ ሊሞት ሆነ። «እትዬ፣ አላልተው ያንብቡት! መዋኘት አይቻልም ነው የሚለው» አለኝ። ጉዱን ተመልከት፤ ፊደሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይ ምልክት ሳያበጅልን የሄደው ሰውዬም ተጠያቂ ነው፤ የእሱንም አድራሻ አላውቀውም።

እጄ ደከመ። የሚቀጥለው ተራ የግለ ታሪኮቹ ነው፤ አንተም እዚያው መሐል አለህ።

እህትህ

*

የካቲት 9

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ እየሳቅሁ አነበብኩት፤ መጀመሪያዋን መሥመር ግን እንደ ቀልድ ልውሰዳት ወይስ እንደ ክስ አላወቅሁም። ባለቤቴ «እንደ ክስ ውሰዳት» ብላኛለች። ሳሌ ለቆኛል። ጤናሽን በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

አሁን ትልቁን ዜና ልንገርሽ። መጽሐፌ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው! የመጀመሪያው አልቆ ሰው እየጠየቀ ስለሆነ አሳታሚዎቹ ወስነዋል። ሲወጣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ምርቃት ይኖራል። አርታኢዋ በተለይ አንቺን ፈልጋለች። «በር ላይ የሚጠብቁዎት እህትዎ በሕይወት አሉ? እንግዲያው ከፊት ወንበር ይቀመጡልን» አለችኝ። ፎቶግራፍም ይነሣል። ምንም መናገር አይጠበቅብሽም፤ ቁጭ ብለሽ ፈገግ ማለት ብቻ ነው። አንቺ ከሌለሽ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። እመጣለሁ በይኝ፤ ቃልሽን ዛሬ ነገ እያልኩ እጠብቃለሁ።

እስከዚያ ሦስተኛውን ምዕራፍ፣ የትምህርት ቤቱን በር፣ አንብቢልኝ። ስጽፍ ማታ ማታ እየደወልኩ የጠየቅሁሽ፣ አንቺም በስልክ የነገርሽኝ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ከባድ ቃል ቢያጋጥምሽ አትጨነቂ፣ ዝለይው።

አክባሪ ወንድምሽ

*

የካቲት 15

ጩጬ፣

እንኳን ደስ ያለህ። ሁለተኛ መታተም ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያውም ይበዛበት ነበር፣ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቻለሁ።

ትመጫለሽ ወይ ላልከው መልሱን ከታች ታገኘዋለህ። ዘለህ እንዳታነበው። እኔም እንደመከርከኝ ልዝለል ብል የአንተን መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ እጨርሰው ነበር።

ግለ ታሪኮቹን በተራ ያዝኳቸው። አንደኛው የዳኛ ነው። እናቱ ምዕራፍ አንድ ላይ ትሞታለች። አሁን ገብቶኛል፣ ወንድ የጻፈው ግለ ታሪክ ላይ እናት ዕድሜ የላትም፤ ልጁን ወልዳ፣ መርቃ፣ ቶሎ መሄድ አለባት። ሚስቱን ስፈልግ ስፈልግ መጨረሻ ላይ «ምስጋና» የሚለው ገጽ ውስጥ አገኘኋት፣ ጽሑፉን ከተየበችለት ልጅ ቀጥላ ተሰልፋ።

ሁለተኛው የአውሮፕላን አብራሪ ነው። «ታላቅ እህቴ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችኝ» ይላል። ልቤ ደስ አለው። ገጹን ብገልጥ ሰውዬው ሰማይ ላይ ነው! እህትየዋ የለችም። ገጽ የተቀደደ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ቁጥሮቹን አየሁ፤ ምንም አልተቀደደም። ደመናውን ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ እሷን የት እንዳወረዳት ግን አይናገርም።

ሦስተኛዋ ዘፋኝ ናት። ይቺን ወደድኳት! ከዕድሜዋ በቀር የዋሸችው ነገር የለም። የበደሏትን አንድ በአንድ ታነሣና «ይህን ሲያነብ ያፍራል ብዬ አይደለም፤ አያፍርም። እኔ ግን ጽፌዋለሁ» ትላለች። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ሐይቁን ሳይ ዋልኩ። ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ይችላል ለካ!

ከዚያ የአንተ ተራ ደረሰ። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ሰገነቱ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሦስተኛውን ምዕራፍ አነበብኩ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። አንተ የጻፍከውን መልሼ ልጻፍልህ፦

«እህቴ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ታደርሰኝና እስክወጣ እዚያው ትጠብቀኝ ነበር። እሷ ፊደል አልወደደችም። እኔ ገባሁ፤ እሷ ቀረች። ጊዜ ያልፋል፤ እህቴ ትረሳለች።»

የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ አየኋት። ሰው ሁሉ ይረሳታል ማለትህ ነው። መረሳቴን አውቀዋለሁ ጩጬ፤ ከአንተ መስማት አያስፈልገኝም ነበር። ግን ገና ሳልሞት? በታተመ መጽሐፍ? ከዚያም ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠህ «ይቺውላችሁ የምትረሳዋ» ልትለኝ?

መልሱ ይኸው። አልመጣም።

መጽሐፍህ ደህና ነው። የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር አድርጌዋለሁ፤ አሁን ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እህትህ

*

የካቲት 19

እትዬ! እትዬ!

ይላላል! «ረ» ይላላል! የጻፍኩት «ትረሳለች» አላልተሽ ስታነቢው ነው። ሰው ይረሳታል አላልኩም፤ እሷ ትረሳለች ነው ያልኩት፤ ቂም አትይዝም፣ ልቧ ሰፊ ነው፣ የተደረገባትን አታስብም ማለቴ ነው። ለአንቺ ያለኝን ክብር በአንዲት ቃል ልግለጽ ብዬ ስንት ቀን የተጨነቅሁባት ዓረፍተ ነገር እኮ ናት! አርታኢዋ አንባቢዎች ከሥሯ እያሰመሩባት ነው ትላለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ፊደል ሳስተምር ኖሬ የገዛ እህቴን በዚሁ አስቀየምኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ማታ ስደውል ስልኩን አለማንሳትሽ ከሁሉ በላይ ከብዶኛል።

«ፊደል አልወደደችም» ያልኩት ለምን እንደሆነ ከደብዳቤሽ አስከትለሽ በላክሽው ካርድ ጠይቀሻል። እውነቱን ልናገር። አንባቢ በአባታችን እንዳይፈርድ ብዬ ነው። ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ነው፤ ስሙን በአደባባይ ማንሣት ከበደኝ። አንቺን የሚጎዳ አልመሰለኝም።

ማተሚያ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ሥራ ይጀምራል። በነገሩ ከተግባባን፣ እባክሽ ነይልኝ። ያለ አንቺ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ብዬ እቆማለሁ?

ወንድምሽ

*

የካቲት 24

ጩጬ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ስልክ ያላነሣሁት ስናገር ስለምቆጣ ነው፤ ስጽፍ ግን እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ቁጣው ቃሉ እስኪያልቅ ይበርድልኛል።

ደብዳቤህን ይዤ ራት ላይ ወረድኩ። መጽሐፍህን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁና ምዕራፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ አፌን ዘግቼ በጣቴ አሳየኋቸውና «ይላላል ወይስ ይጠብቃል?» አልኩ።

«ይጠብቃል!» አለ ካፒቴኑ ማንኪያውን እየወረወረ። «ጊዜ ያልፋል ካለ በኋላ የሚመጣው መረሳት ነው። እኔን አታዩም? ያን ሁሉ ዘመን ሕዝብ ሳሻግር ኖሬ ዛሬ ወደቡ ላይ ውሻ እንኳ አያውቀኝም።»

«ውሻው እርስዎን ካወቀ በኋላ ነው የሸሸው» አለች ወይዘሮ ቁልፍ። «ይልቅ ይላላል። ወንድም ስለ እህቱ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።»

«አንቺ ወንድም የለሽም ማለት ነው» አልኳት።

«ሦስት አሉኝ» አለች። ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ሁለት አነባብራ ቆም አለችና «ይጠብቃል» አለች።

እኔ ግን አላልቼ ሞከርኩት፤ ላንተ ስል። ክፍሌ ገብቼ መስተዋቱ ፊት ቆሜ «እህቴ ትረሳለች» አልኩ፣ አንተ እንደምትፈልገው። ታውቃለህ፣ ይሄኛው ባሰ! ጠብቆ ሲነበብ በደሉ የሰው ነው። ላልቶ ሲነበብ በደል የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፤ እሷው ረስታዋለች፣ ነገሩ አልቋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሂድ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰማህም? መቼ ነው የረሳሁት? ማን ነገረህ? እየደወልክ ስታስተርከኝ «ፊደል አልወድም ነበር» ያልኩህ በየትኛው ቀን ነው?

የነገርኩህን ከረሳኸው አሁን በጽሑፍ ልንገርህ። ቀሚሴን ጨብጠህ አልለቅም ትል ነበር። ዘበኛው ከጣቶችህ ፈልቅቆ ያስገባሃል፤ እኔን በዱላው ወደ አጥሩ ያሳየኛል። ከአጥሩ ሥር ስቆም የክፍላችሁ ግድግዳ ከጀርባዬ ነው። እናንተ ሀ ሁ ስትሉ እኔም እል ነበር። ዜማውን እስከ መጨረሻው ድረስ ይዤዋለሁ፤ አንተ ተሳስተህ ስትመታ እንኳ ትክክሉን አውቀው ነበር። ያላወቅሁት መልካቸውን ነው። ስልሳ ዓመት አልፎኝ የማታ ትምህርት ስገባ መምህርቷ ልጅ እግር ናት፤ ሰሌዳው ላይ ገና መጻፍ ስትጀምር እኔ ከፊቷ ቀድሜ አወረድኩላት። «እማማ፣ ማን ነው ያስተማረዎት?» አለችኝ። «ግድግዳ» አልኳት። ድምፁን ብቻ የምታውቀውን ሰው አርጅተህ ፊቱን ስታይ ምን ይሰማሃል? እኔ «ይሄ ነው ለካ ‹ሀ›!» ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እና «ፊደል አልወደደችም» ላልቶም ጠብቆም ውሸት ነው። አባታችን እንዳይፈረድበት ብለህ እኔ ላይ ፈረድክ። እሱ ሞቷል፣ አይጎዳም፤ እኔ በሕይወት አለሁ፣ አነባለሁ።

የምፈልገውን ልንገርህ። ያችን «አልወደደችም» አውጣት። «ትረሳለች»ንም አውጣት። በቦታቸው እኔ የጻፍኩትን አስገባ። እዚህ ላይ ጽፌልሃለሁ፦

«እኔ የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ ታላቅ እህት ነኝ። በር ላይ የቆምኩት ፊደል ጠልቼ አይደለም። አባታችን ‹አንድ ልጅ ከተማረ ይበቃል› ስላለ ነው። ወንድሜ ብቻውን መግባት ይፈራ ነበርና ቆሜ ጠበቅሁት። ውስጥ የሚባለውን እኔም ከውጭ እል ነበር። ወንድሜ ጎበዝ ተማሪ ነበር። እኔም ነበርኩ፤ የእኔን ስም ግን የጠራ የለም። ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። አልረሳም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሰው እንደፈለገ ያንብባት። ላልታ ብትነበብ፣ እኔ የሚረሳ ልብ የለኝም። ጠብቃ ብትነበብ፣ እኔን የሚረሳኝ የለም። የአንተ ቃል በሁለቱም በኩል ውሸት ነበር፤ የእኔ በሁለቱም በኩል እውነት ነው።

ይህ ገጽ ከገባ እመጣለሁ። ካልገባ ፊት ወንበሩ ላይ ኮትህን አስቀምጥበት።

እህትህ

*

መጋቢት 3

ጩጬ፣

«ጥቂት ብቻ አስተካክዬዋለሁ» ያልከው ገጽ ደረሰኝ። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። ይህ ማን የጻፈው ነው?

እኔ «አንድ ልጅ ከተማረ ይበቃል ስላለ» ብዬ ነበር። አንተ «በወቅቱ በነበረው ሁኔታ ምክንያት» ብለኸዋል። ይሄ «በወቅቱ የነበረው ሁኔታ» ማነው? አጎታችን ነው? እኔ እንዲህ የሚባል ሰው ቤታችን ሲገባ አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው አባታችንን ነው፤ ጢም ነበረው፣ ድምፁ ጎርናና ነበር፣ ያንን ቃል የተናገረው ጫማውን እያሰረ ነው።

እኔ «ቆሜ ጠበቅሁት» አልኩ። አንተ «በሥፍራው እገኝ ነበር» አደረግኸው። በሥፍራው የሚገኝ ዛፍ ነው። እኔ ቆሜ ነበር።

«እኔም ነበርኩ» የምትለዋን ደግሞ ጭራሽ አጣኋት። ወድቃ ይሆን ብዬ ፖስታውን አራገፍኩት።

«ለቋንቋው ውበት ነው» ትላለህ። እኔ ዘንድሮ ያነበብኩትን ልብ ወለድ ቆጥረህ አትጨርሰውም። ቆንጆ ቋንቋ ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ደራሲ አንድ ነገር እንዳይናገር ሲፈልግ ነው ቋንቋው የሚያምርለት።

ሚስትህ ደወለችልኝ። ምን እንዳለች ልንገርህ? «እትዬ፣ በርቺ። እኔም ምስጋናው ላይ ነኝ» አለችኝ። ብዙ ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን አለቀ።

ገጹን እንደገና በእጄ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። የፊደል ስህተት ካለበት አርመው፤ አንድ «ሰ» ላይ እኔም እጠራጠራለሁ። ቃል ግን አትንካ። በተጨማሪም ሌላ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ በታችኛው ወረቀት ላይ ለብቻው ጽፌዋለሁ። እሱን ለአርታኢዋ አሳያት እንጂ ለብቻህ አንብበህ ኪስህ አትክተተው።

ቁርጡን ንገረኝ።

እህትህ

*

መጋቢት 8

እትዬ፣

ገጹ እንዳለ ገብቷል። አንዱን «ሰ» ብቻ «ሠ» አድርጌዋለሁ።

የላክሽውን ለአርታኢዋ ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ስትጨርስ «ይህን ቀድሞ ያረመው ማነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። መነጽሯን አውልቃ ብዙ አየችኝ። ትምህርት ቤት ስመራ እኔም ተማሪ እንዲያ አይ ነበር።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳነብላት «አባታችሁን ትጠላዋለህ አሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጠላውም። ግን እትዬ፣ ጫማውን ሲያስር እኔም እዚያው ነበርኩ። አሁን ታየኝ።

በታችኛው ወረቀት ላይ ስለጠየቅሽው ደግሞ አርታኢዋ እሺ ብላለች። ማይክሮፎኑ በቁመትሽ ልክ ዝቅ ይላል።

ጩጬ

*

ከቤቴ፣ ሚያዝያ 2

ወንድሜ ጩጬ፣

እንደምን ከረምክ? የምርቃቱ የደስታ ድካም ወጣልህ? እኔ ገና አልወጣልኝም፣ እንዲወጣም አልፈልግም።

ጥያቄዎችህን በተራ ልመልስ። እጅሽ ለምን አልተንቀጠቀጠም ላልከው፣ ተንቀጥቅጧል፤ ወረቀቱን ማንበቢያው ላይ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። አርታኢዋ በቃ ስትልሽ ለምን አልወረድሽም ላልከው፣ አልጨረስኩም ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ለምን ሁለት ጊዜ አነበብሻት ላልከው ደግሞ አንተ የሰዋስው ሰው ሆነህ እንዴት ጠፋህ? መጀመሪያ አላልቼ፣ ቀጥሎ አጥብቄ ነው። አዳራሹ ገብቶታል። በሁለተኛው ጊዜ ያጨበጨቡት ለምን መሰለህ?

ከኋላ እየጮኹ የነበሩት እነማን ናቸው ብለሃል። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጓደኞቼ ናቸው። የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ነው የመጡት፤ ዘበኛው ሊመልሳቸው ሲል «የደራሲዋ ቤተሰብ ነን» አሉት። የደራሲው አላሉም፤ የደራሲዋ። እኔ ይህን በኋላ ስሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አንተ ማልቀስህን ያየሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ስለዚህ ላብ ነው እያልክ አትድከም። ተነሥተህ ቆመህ ስታጨበጭብ ግን ደስ አለኝ። ልደብቅህ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ። ሚስትህ ጎንህን ጎሸም አድርጋህ ይሁን ራስህ ተነሥተህ አልጠይቅም።

ፊርማ የፈለጉትን ሴቶች ነገር ደግሞ ስማ። አንዷ መጽሐፍህን ይዛ መጥታ «የእርስዎ ገጽ ላይ ይፈርሙልኝ» አለችኝ። ስሜን በሙሉ ጻፍኩላት። ቀርፋፋ ነኝ፤ ከኋላዋ ያሉት ሰልፍ ሠርተው ቆሙ። አንድም ሰው «ቶሎ በይ» አላለኝም። ካፒቴኑ ጋዜጣው ላይ ያለውን ፎቶ ቆርጦ ምግብ ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ለጥፎታል፤ ወይዘሮ ቁልፍ ደግሞ ለሦስቱም ወንድሞቿ መጽሐፉን ገዝታ ልካለች፣ የእኔን ገጽ ጫፉን አጠፍ አድርጋ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልምጣ። ሁለተኛ መጽሐፍ ልትጽፍ አስበሃል፤ ስለ እናታችን። እንኳን ይህን አሰብክ። «የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ እንደ ድሮው ማታ ማታ ልደውልልሽ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ» ብለሃል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ከጎንህ ስሜን እንደምታስገባም ጽፈሃል፤ አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ዘግይተሃል። ከሐይቁ እንደተመለስኩ ልጄን ወረቀት አስገዛኋት። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ ቁመቱ ለእጄ ልክ ነው፣ የለመድኩት ነው። ጠዋት ጠዋት እጽፋለሁ። የእናታችንን ሳቅ፣ ቁጣዋን፣ አባታችንን ስትፈራና አንዳንዴም ስታታልለው፣ እሱ ‹ይበቃል› ሲል አንገቷን የነቀነቀችበትን ያን ቀንም ጭምር። ለምን እንደነቀነቀች ገና አልገባኝም፤ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። እስካሁን በሕይወት አለች። ቶሎ የምትሞትበትም ምክንያት የለም፤ ወረቀቱ ብዙ ነው።

አንተም የምታስታውሳትን ጻፍ። ጥቂት ቢሆን የራስህ ይሁን። ሁለት መጽሐፍ ቢወጣ እናታችን አትቀየምም፤ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ለሁለት ስታካፍለን ነው የኖረችው፣ ከአንዱ ነገር በቀር።

ስትደውል አነሣለሁ። ስለ ሳልህ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ሚስትህ እናወራለን፤ ስቀን እንዘጋለን። ከእንግዲህ ግን ተናግሬ አላስጽፍም።

ታላቅ እህትህ